ምክንያት ያለው «አይሆንም» ይሻለኛል፦ የአንድ ክልላዊ የአየር ንብረት ዕቅድ የሕዝብ ተሳትፎ ግምገማ

ይህ ግምገማ ብዙ ሰው እንደ አገልግሎት ስለማይቆጥረው ነገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የክልሉን የአየር ንብረት ለውጥና የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ ሲያወጣ «ረቂቁን እዩና አስተያየት ስጡ» ይላል። ሰነድ ያወጣል፣ ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ በመጨረሻም ምላሽ ይሰጣል። ወጪው የሚሸፈነው ከምንከፍለው ግብር ነው። እንግዲያው እንደማንኛውም አገልግሎት የሠራውና ያልሠራው ሊነገር ይገባል።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የምኖረው ከወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ተማሪዎቼ በግቢያችን ባለው የዝናብ መለኪያ በየጠዋቱ እየለኩ ይመዘግባሉ። ስለዚህ ስለ ዝናብና ጎርፍ የሚያወራ ዕቅድ ሲመጣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህኛውን ከመጀመሪያው ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው የምላሽ ሰነድ ድረስ ተከታትዬዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። የምጽፈው ነገ ከነገ ወዲያ እንዲህ ያለ ጥሪ ለሚደርሳችሁ ሰዎች ነው።

ውጤቱን ቀድሜ ልናገር፤ ከአምስት ኮከብ ሦስት። ሦስቱን ያገኘው በካርታው ጠረጴዛና በምላሽ ሰንጠረዡ ነው። ሁለቱን ያጣው ዘግይቶ በመጠየቁና መጠየቅ የነበረባቸውን ሰዎች ሳይጠይቅ በመቅረቱ ነው።

ከሰነዱ ልጀምር። ረቂቁ ከ300 ገጽ በላይ ነው። «የዘርፍ ተሻጋሪ ትስስር»፣ «የባለድርሻ አካላት ቅንጅት» የሚሉ ሐረጎች ሞልተውታል። ደግነቱ አጭር ማጠቃለያ አብሮ ወጥቷል፤ እሱ ጥሩ ነው። ምን እንደሚሠራ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደሚሠራ በግልጽ ይናገራል። የጎደለው አማራጮቹ ናቸው። ማጠቃለያው ላይ ያለው መሥሪያ ቤቱ የመረጠው መንገድ ብቻ ነው። ሌላ ምን ታይቶ እንደነበረና ለምን እንደተጣለ ማወቅ የፈለገ ወፍራሙን ሰነድ ማገላበጥ አለበት። የሚያወዳድርበት ነገር ያልተሰጠው ሰው ደግሞ «ጥሩ ነው» ወይም «ጥሩ አይደለም» ከማለት አያልፍም።

ድረ ገጹ ላይ ካርታ አለ። ቦታውን ትነኩና አስተያየታችሁን እዚያው ትጽፋላችሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው። በኮምፒውተር ደህና ይሠራል። በስልክ ግን ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም። ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልኩ ስለሆነ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ፎቶ ማያያዝም አይቻልም። ጎርፍ ቤቱ የገባበት ሰው እጁ ላይ ያለው የመጀመሪያ ማስረጃ ግን ፎቶ ነው። አንድ ነገር በጣም ወድጄለታለሁ። የላካችሁት እያንዳንዱ አስተያየት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የሌላውም ሰው አስተያየት ከነቁጥሩ ለሁሉም ይታያል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው የለመድነው ነው። መድረክ፣ ረጅም የመክፈቻ ንግግር፣ ረጅም የስላይድ ገለጻ፣ ከዚያ ማይክ ይዞራል። ሰው ለመናገር የቀረው ጊዜ አጭር ነው። መድረክ መሪው «ጥሩ ግብዓት ነው፣ ወስደነዋል» እያለ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምጽፈው የለኝም። ለይስሙላ ነው ብለው ከአዳራሹ የወጡ ሰዎችን አልፈርድባቸውም።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነበር። አዳራሹ ውስጥ ትልልቅ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። በየጠረጴዛው ላይ የየሰፈሩ ካርታ በትልቁ ታትሞ ተዘርግቷል። እስክሪብቶ አለ፣ ተለጣፊ ነጥቦች አሉ፣ አንድ ባለሙያ ተቀምጧል። ንግግር የለም። ሰው መጥቶ ሰፈሩን ፈልጎ ያገኛል፣ ጣቱን ካርታው ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ወሬው ይጀመራል።

እኛ ጠረጴዛ ላይ የነበረው የጎርፍ ስጋት ካርታ ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀሪው ነጭ ነው። አንዲት አዛውንት ቤታቸውን ፈልገው አገኙት። ነጩ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ልክ አይደለም» አሉት መሐንዲሱን። «እኛ ቤት ውሃ ገብቷል።»

«እማማ፣ ወንዙ እስከዚህ ደርሶ ነው?»

«ወንዙማ አልደረሰም። ከኋላ ነው የመጣብን፣ ከመንገዱ። ከመንገዱ ስር ያለው ቱቦ ጠባብ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ቆሻሻ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ግቢያችን ይዞራል።»

ልጁ ዝም ብሎ ካርታውን አየ። ከዚያ የወንዝ ሙላት ብቻ የተሰላበት ካርታ መሆኑን ነገራቸው። ከባድ ዝናብ ከተማ ውስጥ ሲወርድ መንገድ ላይ የሚጠራቀመው ጎርፍ ሌላ ስሌት ይፈልጋል፤ እሱ በረቂቁ አልገባም። ቱቦው ያለበትን ቦታ አስጠቆማቸው፣ ነጥብ ለጠፈበት፣ ካርድ ላይ ጻፈው፣ የካርዱን ቁጥር ሰጣቸው። ወዲያው ሁለት ጎረቤቶቻቸው ሌሎች ቱቦዎችን ማሳየት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ነጩ የካርታው ክፍል በነጥብ ተሞላ።

የሕዝብ ተሳትፎ ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ጎርፉ የተሰላበት የኮምፒውተር ሞዴል የሚያውቀው የተሰጠውን መረጃ ብቻ ነው። የትኛው ቱቦ በየክረምቱ እንደሚደፈን የሚያውቀው አጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የወጣው መግለጫ 10ኛው መርሕ የአካባቢ ጉዳዮች በተሻለ የሚያዙት የሚመለከታቸው ዜጎች ሁሉ ሲሳተፉ ነው ይላል። ጠረጴዛው ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሌላው ጠረጴዛ አንዲት ባለሙያ ማብራሪያ የምትሰጥበት ነበር። እንደ መምህር ቀናሁባት። ሰነዱ «በ100 ዓመት አንዴ የሚከሰት ጎርፍ» የሚል ሐረግ ይደጋግማል። አንድ ሰውዬ «የመቶ ዓመቱ በልጅነቴ መጥቷል፣ ከእንግዲህ እኛን አያገኘንም» አለ። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ከረጢት አወጣች። ውስጡ 100 ዶቃዎች አሉ፣ አንዱ ቀይ ነው። አንድ አውጡና መልሱ፣ ይህ አንድ ዓመት ነው አለች። ቀዩ ዘንድሮ ቢወጣም ተመልሶ ይገባል፤ በሚቀጥለው ዓመት የመውጣት ዕድሉ ያው 1 በመቶ ነው። አንድ ቤት ውስጥ 30 ዓመት ለሚኖር ሰው ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ይሆናል። ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው። ሰውዬው ሒሳቡን ደጋግሞ አስነገራት።

ከዚያ ቀጠለች። ይህ 1 በመቶ ራሱ የተሰላው በድሮው ዝናብ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው የውሃ እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሲዘንብ ባንዴ የሚወርደው ይበዛል። በድሮ ዝናብ ተለክቶ የተቀበረ ቱቦ የዛሬውን ላይችለው ይችላል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአዛውንቷ ቱቦና የዓለም ሙቀት አንድ ጉዳይ ሆኑ። ይህን ከረጢት በየትምህርት ቤቱ ባየው ደስ ይለኛል።

የጎደለውን ደግሞ ልንገራችሁ። ትልቁ ጉድለት ጊዜው ነው። እኛ ስንጠየቅ ዋናዎቹ ውሳኔዎች አልቀው ነበር። ረቂቁ ውስጥ ረግረጉን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ አለ። ያ ረግረግ የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፤ በወፎቹም የታወቀ ነው። የአስተያየት ቅጹ ግን የሚጠይቀው መንገዱ ግራና ቀኝ ምን ዓይነት ዛፍ ይተከል የሚለውን ነው። መንገዱ በዚያ ይለፍ ወይስ በሌላ በኩል ይዙር የሚል ጥያቄ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ የተፈረመው ስምምነት ይህን ጉዳይ በቀጥታ ይነካዋል። አንቀጽ 6 ተሳትፎው ቀድሞ እንዲጀመር ያዛል፤ ሁሉም አማራጮች ገና ክፍት ሆነው ሳለ። አንቀጽ 7 ይህንኑ ለአካባቢ ነክ ዕቅዶችና ፕሮግራሞች ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኮስታ ሪካ ኤስካሱ የጸደቀው የላቲን አሜሪካና የካሪቢያን ስምምነትም ሕዝቡ ከመነሻው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። የምትኖሩበት አገር ፈራሚ ባይሆን እንኳ መለኪያውን ተውሳችሁ ጠይቁ፦ «ይህን የምትጠይቁን ምን ምን ገና ሳይወሰን ነው?» ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን ሰዓታችሁን ማዋል አለማዋላችሁን ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ጉድለት ማን መጣ የሚለው ነው። አዳራሹ ውስጥ ጡረተኞች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ የሥራ ተቋራጮችና እንደኔ ያሉ መምህራን ነበሩ። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ስለሆነ የዕለት ሠራተኛ አልመጣም። ልጅ የሚያቆዩበት ስለሌለ እናቶች ጥቂት ናቸው። መስማት ለተሳናቸው አስተርጓሚ አልነበረም። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ከላይ በኩል ያሉት ገበሬዎች አለመጠራታቸው ነው። ዕቅዱ የተጻፈው በተፋሰስ ነው፤ የስብሰባው ጥሪ ግን የተላለፈው በአስተዳደር ወሰን ነው። ዳገቱ ሲታረስና ሲመነጠር አፈሩ ታጥቦ የሚሞላው የእኛን ቱቦ ነው። የእኛ የጎርፍ መከላከያ ግማሹ ያለው እነሱ ማሳ ላይ ነው። እርከን ሥሩ፣ ዛፍ ትከሉ ልንላቸው ከሆነ ደግሞ በምን አቅም፣ በማን ወጪ የሚለውን አብረን ቁጭ ብለን መነጋገር ነበረብን።

አንድ ጥሩ ሙከራ ግን ነበር። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው መንገደኛውን ያነጋግሩ ነበር። እዚያ የመጡት አስተያየቶች ከአዳራሹ የተለዩ ናቸው። አዳራሹ ስለ ግድብና ስለ መኪና መንገድ ሲያወራ፣ መናኸሪያው ያወራው ስለ ጥላ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሙቀቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከዚህ አልፎ ተሳታፊዎችን በዕጣ መምረጥም ይቻል ነበር። አየርላንድ፣ ፈረንሳይና ብሪታኒያ በአየር ንብረት ጉዳይ ሞክረውታል። ዕጣ የደረሰው ሰው ከተማሪ እስከ ጡረተኛ፣ ከገጠር እስከ ከተማ ተሰባጥሮ ይመጣል፤ ባለሙያ እየጠየቀ፣ ጊዜ ወስዶ ይመክራል። የሚናገረው ሁሌ የሚናገር ሰው ብቻ አይሆንም።

አሁን ወደ መለያ ቁጥሩ ልመለስ። አስተያየት መቀበያው ከተዘጋ ከጥቂት ወራት በኋላ የምላሽ ሰንጠረዥ ወጣ። እያንዳንዱ አስተያየት ከነቁጥሩ፣ ከጎኑ የተሰጠው መልስ፣ ከዚያ ቀጥሎ በዕቅዱ ውስጥ የተለወጠው ገጽ። እኔ ለብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የተናገርነው የት እንደገባ ወይም ለምን እንዳልገባ የሚታይበት ብቸኛው ቦታ እሱ ነው።

የራሴን ፈለግኩ። ረቂቁ የዝናቡን አማካይ የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2010 ካለው መዝገብ ነበር። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ግን የ30 ዓመቱን አማካይ በየአሥር ዓመቱ ያድሰዋል፤ አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ይህን ጽፌ ነበር። መልሱ «ተቀብለናል» ይላል፤ ገጹም ተስተካክሏል። የአዛውንቷንም ካርድ አገኘሁት። የመንገድ ላይ ጎርፍ ራሱን የቻለ ንዑስ ክፍል ሆኖ ገብቷል። ቱቦው በሁለተኛው ዓመት ሥራ ውስጥ ተይዟል። ሄጄ ነገርኳቸው፤ ገጹን ካላየሁ አሉኝ፤ አሳየኋቸው።

ሌላው አስተያየቴ ውድቅ ሆኗል። የወንዙ ሙላት በሚደርስበት መሬት ላይ ግንባታ ጭራሽ ይከልከል ብዬ ነበር። መልሱ ረዘም ያለ ነው። ፈቃድ ያገኙ ይዞታዎች አሉ፣ እነሱን መሰረዝ ካሳ ይጠይቃል፣ ይህን ለመወሰን ደግሞ ዕቅዱ ሥልጣን የለውም ይላል። በምትኩ አዲስ ፈቃድ በቅድመ ሁኔታ ብቻ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን አይሠራም። ዛሬም አልተስማማሁም። ሆኖም ምን እንደከለከላቸው አውቄያለሁ፣ ቀጥሎ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝም እንዲሁ። እንዲህ ያለ «አይሆንም» ክብር አለው።

ያበሳጨኝ ሦስተኛው ዓይነት መልስ ነው። «ታሳቢ ይደረጋል» የሚል። የመናኸሪያው የጥላ ጥያቄ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይህ መልስ ነው የተሰጠው። የተለወጠ ገጽ የለም፣ ጊዜ የለም፣ ኃላፊ የለም። ድምፃቸውን ለማሰማት ብዙም ዕድል የሌላቸው ሰዎች ከሁሉ የደከመውን መልስ ማግኘታቸው ትክክል አይደለም። የረግረጉን መንገድ የተመለከቱትም አስተያየቶች «ከዚህ ዕቅድ ወሰን ውጭ ነው» ተብለዋል። መንገዱ ግን ዕቅዱ ውስጥ ተስሏል። ይህን በጽሑፍ ይግባኝ ብያለሁ።

መልስ አሰጣጥ ምን ያህል ነገር እንደሚያበላሽ የፈረንሳዩ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎች ተሰበሰቡ። የአገሪቱን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት እስከ 2030 ከ1990ው መጠን ቢያንስ በ40 በመቶ፣ ፍትሕ ባለው መንገድ፣ እንዴት እንቀንስ የሚለውን ለወራት መከሩ። በ2020 149 ሐሳቦች አቀረቡ። ፕሬዚዳንት ማክሮን ሐሳቦቹን ያለ ማጣሪያ ወደፊት አሳልፋለሁ ብለው ነበር። ብዙዎቹ ግን ተሸራርፈው ወጡ። በ2021 ዜጎቹ ተመልሰው ተሰበሰቡና መንግሥት ሐሳባቸውን ያስተናገደበትን መንገድ ራሳቸው ገመገሙት። የሰጡት አማካይ ነጥብ ከ10 3.3 ነው። ምክክሩ ራሱ በብዙዎች የተመሰገነ ነበር። የወደቀው መልሱ ላይ ነው።

ይህን አገልግሎት ለምትጠቀሙ ጥቂት ምክር አለኝ። ወፍራሙን ሰነድ ሙሉ አታንብቡ፤ ካርታዎቹን፣ የሥራ ሰሌዳውንና የራሳችሁን ሰፈር የሚጠቅሱትን ገጾች ብቻ ፈልጉ። ስትጽፉ ቦታውን፣ ወቅቱን፣ ያያችሁትን ነገር ለይታችሁ ጻፉ። «ስለ አካባቢያችን ይታሰብበት» የሚል አስተያየት «ታሳቢ ይደረጋል» የሚል መልስ ይጋብዛል። ገጽ ጠቅሳችሁ «ይህ በዚህ ይለወጥ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን መልስ ሰጪው አዎ ወይም አይደለም ማለት ግድ ይሆንበታል። አንድ አስተያየት ውስጥ አምስት ጉዳይ አትጨምሩ፤ ቀላሉን መልሰው ከባዱን ያልፉታል። ለያይታችሁ ላኩ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ተቀበሉ። መጻፍ የሚቸግረው ጎረቤት ካላችሁ አብራችሁት ቁጭ በሉና ጻፉለት፤ በስሙ ይግባ።

ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ክለሳ የካርታው ጠረጴዛ ከረቂቁ በፊት ይምጣ። ወረቀቱ ገና ምንም ሳይጻፍበት ጥሩን። የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ሰዎች አንድ አዳራሽ ይቀመጡ። «ታሳቢ ይደረጋል» የሚለው መልስ ከሰንጠረዡ ይውጣ።

ዕቅዱ በየዓመቱ የአፈጻጸም ሪፖርት እንደሚወጣ ይናገራል። በሪፖርቱ ውስጥ የአስተያየት ቁጥሮቹ እንዲቀጥሉ ጠይቄያለሁ፤ የትኛው ተሠራ፣ የትኛው ዘገየ፣ ለምን የሚለው በቁጥር እንዲታይ። ይህንን ተቀብለውኛል። የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ የቱቦውን ቁጥር እፈልጋለሁ፣ የኮከቡንም ብዛት እዚሁ አስተካክላለሁ።